ከአርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ፦ የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ለእረፍት አገር ለገባ ሰው

አዲስ አበባ ውስጥ ምግብ ቤት ሲመረጥ ከስሙ በፊት ቀኑና ሰዓቱ ይታያል። አርብ ማታ በተረፈ ሥጋ የሚያስተናግደው ሥጋ ቤት ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከሰፈሩ አንደኛ ሊሆን ይችላል። አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእሳት የወረደ ተጋቢኖ የሚያወጣው ሽሮ ቤትም እሑድ ማታ የቀኑን ሽሮ በውኃ አቅጥኖ ያሞቃል። ለሁለትና ለሦስት ሳምንት የመጣ ሰው ይህን ሳያሰላ ይወጣና «የድሮው ጣዕም ጠፋ» እያለ ይመለሳል። ጣዕሙ አለ፤ የተሳሳተው የተገባበት ሰዓት ነው።

በዚህ ጉዞ አርብ ማታ ተጀምሮ እሑድ ማታ እስኪያልቅ የተበላባቸው ቤቶች የጾም ምግብ ቤት፣ ቁርስ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ክትፎ ቤት፣ ባህላዊ ጭፈራ ያለው አዳራሽ፣ የጣሊያን ምግብ ቤትና ቦሌ ሚካኤል ያለ የሶማሌ ምግብ ቤት ናቸው። እዚህ የሚገመገመው የቤቱ ዓይነት ነው። ወጥ የምትሠራው ባለሙያ ለቅቃ ከሄደች ቤቱ ስሙን እንደያዘ ሌላ ቤት ይሆናል፤ ባለፈው ዓመት የተመሰገነ ቤት ዘንድሮ ላይመሰገን ይችላል። ምግቡን በዓይን፣ በእጅና በአፍንጫ መለየት የቻለ ግን የትም ሰፈር አይታለልም።

ትኬት ከመቆረጡ በፊት የጾም አቆጣጠሩ ይታይ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌለ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ወደ ጾም ምግብ ይዞራሉ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። የገና ጾም ኅዳር 15 ገብቶ እስከ በዓሉ ዋዜማ ይዘልቃል፤ በዚህኛው ሥጋ ቤቶች ክፍት ናቸው፣ ግን ገበያው ስለሚቀዘቅዝ ሥጋው ቶሎ አያልቅም፣ ማለትም ይቆያል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕም አርብም አይጾምም፤ በዚያ ወቅት «አርብ ነው፣ በያይነቱ ትኩስ ይሆናል» የሚለው ስሌት አይሠራም። ገናና ጥምቀት ረቡዕ ወይም አርብ ላይ ቢውሉም ይበላባቸዋል።

አርብ የጾም ምግብ ቀን ነው። ከሳምንቱ ውስጥ በያይነቱ ጥሩ የሚሆነው ረቡዕና አርብ ነው፤ ድስቱ ቶሎ ቶሎ ስለሚያልቅ ቶሎ ቶሎ ይተካል። የሚጾመው ሰው ብዙውን ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚቆይ ወጥ ቤቱም ሥራውን የሚያደርሰው ለዚያ ሰዓት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ማታ ያለው ጥሩ ነው፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጎመኑ ይጠቁራል፣ ድንቹ ይፈርሳል፣ ቀይ ስሩ ውኃ ያወጣል።

በያይነቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው እንጀራው ነው። የጤፍ እንጀራ ሲጠቀለል አይሰነጠቅም፣ ሲቆረስ ይለጠጣል፣ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ ዓይኑም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ሩዝ ወይም በቆሎ የበዛበት በትኩስነቱ ነጭና የሚያምር ሆኖ ቀዝቀዝ ሲል ጠርዙ ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። መሐሉ ላይ ዓይን የሌለው ለጥ ያለ ቦታ ካለ ሊጡ በደንብ አልቦካም ወይም ምጣዱ አልጋለም። ነጭ ማኛ ከሰርገኛ ወይም ከጥቁር ጤፍ ይበልጣል ማለት አይደለም፤ የሚወደደው በቀለሙ ነው እንጂ ለወጥ ሰርገኛው የተሻለ ጣዕም ይሰጣል። የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማው ሰው «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ብሎ አስተናጋጁን ጠይቆ ብቻ አይርካ፤ ብዙ ምግብ ቤቶች እንጀራ ከውጭ ስለሚገዙ አስተናጋጁ ራሱ አያውቅም። እዚያው ጓዳ የሚጋግር ቤት መፈለግ ነው መፍትሔው።

ቀጥሎ ሽሮው ነው። ተጋቢኖ በሸክላ እየፈላ መምጣቱ መብሰሉን አያሳይም፤ ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ ጥሬ ሽሮም ይንተከተካል። ልዩነቱ በአፍ ይታወቃል፤ ያልበሰለ ሽሮ ምላስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ የጥሬ ሽምብራ ሽታም አለው። የበሰለው ዘይቱን ወደ ዳር ያወጣል። መንስኤው ቁሌቱ ነው፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ዱቄቱ ከተጨመረ የቱንም ያህል ቢፈላ አይስተካከልም። የሚጾም ሰው ሲያዝ «የጾም» የምትለዋን ቃል አይዝለል፤ በአዘቦት ቀን ሽሮ ላይ ቅቤ ጠብ የሚያደርግ ቤት ብዙ ነው፣ ቦዘና ሽሮ ደግሞ ሥጋ አለበት። ከወላጆች ጋር ሲወጣ ዓሣ ለማዘዝም አስቀድሞ ጠይቆ ነው፤ ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለና።

ለሁለት ሰው አንድ በያይነቱና አንድ ተጋቢኖ ይበቃል። ለየብቻ ሁለት በያይነቱ ማዘዝ ብክነት ነው፣ ጭማሪ እንጀራ ይጠየቃል። ከዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ሰው የሚያልፋቸው ግን ሊታዘዙ የሚገባቸው አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍትና ስልጆ ናቸው። አዚፋው ድፍን ምስር በሰናፍጭ የተለወሰ ነውና ሰናፍጩ አፍንጫ ካልነካ ከትናንት የቆየ ነው። በዚህ ጉዞ ከተቀመሱት ሁሉ ያለ ማመንታት አንደኛ የምንለው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሱፍ ፍትፍት ነበር፤ ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በነጠላ ተጨምቆ፣ ቃሪያና ሽንኩርት ገብቶበት በቀዝቃዛው የቀረበ። ይህን ያህል ልፋት ያለበት ምግብ ከሽሮ ባነሰ ዋጋ መሸጡ ለሠሪዋ አይገባም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ቤት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ፉል ከታዘዘ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ የድስቱ ታች ይቀርና ወፍራምና ጨዋማ ይሆናል። ጨጨብሳ ሲታዘዝ ቅቤው ለብቻው በትንሽ ሲኒ እንዲመጣ ማድረግ ይቻላል፤ ቀድሞ የተለወሰው ቂጣ ዘይት ጠጥቶ ይከብዳል። ጭማቂ ቤት ውስጥ ስፕሪስ የታዘዘ እንደሆነ «ያለ ስኳር፣ ያለ ውኃ» መባል አለበት፤ ካልተባለ ሁለቱም ይገባሉ። አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ ተለይቶ ከታየ ጥሩ ነው፤ ከተቀላቀለ ፍሬው ቀጥኗል። ማኪያቶ ሲታዘዝ «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ይባላል፤ ዝም ከተባለ ነጣ ብሎ ይመጣል። ፒያሳ ያለው ቶሞካ ከ1953 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ቡናውን ቆልቶ በቆሞ መጠጫው ሲሸጥ የኖረ ነው፤ የሚፈለገው ወሬ ሳይሆን ቡናው ብቻ ከሆነ ቆሞ መጠጣት ቅር አያሰኝም።

አሁን ወደ ሥጋው። ለከተማው ሥጋ ቤቶች የሚታረደው ሌሊት ነው፤ ከቄራ ወጥቶ በማለዳ ይታደላል። ስለዚህ ቅዳሜ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ያለው ጊዜ ከሳምንቱ ሁሉ የተሻለው ነው፤ የአርብ ጾም ስላበቃ ሁሉም ሥጋ ቤት ያስገባል፣ ሰውም ስለሚበዛ ቶሎ ይሸጣል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሻኛውና ሽንጡ አልቆ የቀረው ነው የሚቀርበው። ቆራጩን «ጋሼ፣ የዛሬ ነው?» ማለት ያስከብራል እንጂ አያስቀይምም። እንዲያውም የማይጠይቅ ደንበኛ ፊት የተንጠለጠለው ይቆረጥለታል። የዕለቱ ሥጋ ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ፊቱ እርጥብ ይመስላል ግን አይንጠባጠብም፤ ጠርዙ ጠቁሮ የደረቀ፣ ስቡ ወደ ግራጫ የዞረ የትናንት ነው። የቄራ ማኅተም ያለበት እግር ወይም ጎድን ተንጠልጥሎ መታየት አለበት፤ ማኅተም የሌለው ሥጋ በርካሽ ቢቀርብም የተመረመረ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የለም።

ሲታዘዝ መጀመሪያ ኪሎው፣ ቀጥሎ የሥጋው ዓይነት፣ መጨረሻ አሠራሩ ይነገራል። «ግማሽ ኪሎ ከሽንጥ፣ ደረቅ ጥብስ፣ ስቡ ተለይቶ ይጠበስና ከላይ ይደረግ» የሚል ትእዛዝ ጓዳውን ከስሕተት ያድነዋል። ዝም ብሎ «ጥብስ» ያለ ሰው የተቀላቀለ ይመጣለታል። ሥጋ ሲጠበስ ከክብደቱ ሩብ ያህሉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣልና ግማሽ ኪሎ ጥሬ ለሁለት ሰው ከእንጀራ ጋር ይበቃል፤ ሦስት ጎልማሶች ከሆኑ ሰባት መቶ ሃምሳ ግራም ይሁን። ሚዛኑ ሲመዘን ቆሞ ማየት ነውር የለውም። እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ችግር አጥንት ነው፤ ጎድን ጥብስ የታዘዘ እንደሆነ አጥንቱ በኪሎው ውስጥ ይቆጠራል፣ ይህ ማጭበርበር ሳይሆን ደንቡ ነው፤ ስለዚህ ለጎድን ኪሎውን ከፍ ማድረግ ነው።

ጥብሱ ጠንክሮ ሲመጣ ብዙ ሰው ሥጋውን ይወቅሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የምጣዱ ነው። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ትእዛዝ ሲበዛ ባለሙያው የሦስት ጠረጴዛ ሥጋ አንድ ምጣድ ላይ ይጨምራል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውኃውን ያወጣል፣ ይቀቀላል፣ ውኃው እስኪመጥ ሲጠበቅም ይደርቃል። ከስድስት ሰዓት በፊት መድረስ ይህን ችግር ያስቀራል። ሸክላ ጥብስ ከታዘዘ ደግሞ ከታች ፍም ስላለ ሥጋው ጠረጴዛው ላይም መብሰሉን ይቀጥላል፤ ወሬ ያበዛ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው የከሰለ ሥጋ ነው።

ቁርጥ ወዳድ ለሆነ ሰው ሻኛና ዳቢት ቢቀላቀሉ ጥሩ ነው፤ የአንዱ ጮማ ከሌላው ቀይ ጋር ይመጣጠናል። ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ሌላ ሰናፍጭ ይጠየቅ። ይሁን እንጂ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ያመጣል፤ ይህ በግልጽ መነገር አለበት። የትሉ እጭ የሚኖረው የከብቱ ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ሚጥሚጣም ሎሚም አረቄም አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ቁራጭ ሥጋ ውስጡ 63 ዲግሪ፣ የተፈጨ ደግሞ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ መድረስ አለበት፣ ለብለብ ክትፎ ደግሞ እዚያ አይደርስም። ትሉ አድጎ ምልክት እስኪያሳይ ሁለት ወር ያህል ስለሚወስድ ምልክቱ የሚታየው ሰውየው ወደሚኖርበት አገር ከተመለሰ በኋላ ነው። እዚያ ያለ ሐኪም በራሱ ላያስበው ይችላል፤ ጥሬ ሥጋ መበላቱን ነግሮ የሰገራ ምርመራ መጠየቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥና የሚያድን ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ልጅ ግን ጥሬ አይቅመሱ፣ የአያት ጉርሻም ቢሆን።

ክትፎ ከሥጋ ቤት ይልቅ በክትፎ ቤት ይበላል። ሥጋ ቤትም ያቀርበዋል፣ ግን የጉራጌ እጅ ያለበት ቤት ልዩነቱ ከሥጋው ሳይሆን ከቅቤው ይጀምራል። የክትፎ ቅቤ በኮሰረትና በኮረሪማ ተነጥሮ፣ ሥጋው ውስጥ ሲገባ ለብ ያለ መሆን አለበት። ከተቃጠለ የሥጋውን ፊት አብስሎ ግራጫ ያደርገዋል፤ ጥሬ ታዝዞ ለብለብ መጣ ማለት ነው። ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረጋና ላንቃ ላይ እንደ ሰም ይጣበቃል። ጣባው ቀድሞ እንዲሞቅ የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ቀዝቃዛ ጣባ ላይ የቀረበ ክትፎ አምስት ደቂቃ አይቆይም። የቅቤው መጠንም ይታያል፤ ለአንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ሩብ ኪሎ ንጥር ቅቤ ከበቂ በላይ ነው፣ ጣባው ሥር ቅቤ ከተኛ ሥጋው አንሷል ማለት ነው።

በቢላዋ የተከተፈና በማሽን የተፈጨ በአንድ ጉርሻ ይለያሉ። ማሽን ሥጋውን ይጨፈልቀዋል፣ ያሞቀዋል፣ ጅማቱንም አብሮ ይፈጨዋል፤ ውጤቱ ለጥፍ የሚል ነው። በቢላዋ የተከተፈው እህል እህል ይላል፣ ጅማት ካለውም በእጅ ተለቅሞ ወጥቷል። ጅማት በአፍ የሚገኝበት ቤት ሁለተኛ አይገባም። ቆጮው ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ ትኩሱን፣ ጥቂት ጥቂት እያለ መምጣት አለበት፤ ሁሉም በአንዴ ከመጣ ሲበርድ እንደ ቆዳ ይሆናል። «ቆጮው በየመሐሉ ይምጣ» ማለት ብቻ ይበቃል። አይቡና ጎመኑ ማባያ ብቻ አይደሉም፤ የቅቤውን ክብደት የሚሰብሩት እነሱ ናቸውና ካነሱ ይጨመር። «ስፔሻል» የሚለው ቃል ከቤት ቤት ይለያያል፣ አንዱ ጋ ሥጋው ይጨምራል፣ ሌላው ጋ ማባያው ብቻ፤ ዋጋውን ከማየት በፊት ምን እንደሚጨምር ይጠየቅ። ከመስቀል በዓል ከመስከረም 17 ቀን ጋር የተገጣጠመ ጉዞ ከሆነ ደግሞ ብዙ ባለቤቶችና ባለሙያዎች ወደ ጉራጌ አገር ስለሚገቡ በዚያ ሳምንት የከተማው ክትፎ ቤት ወይ ይዘጋል ወይ በተተኪ እጅ ይሠራል።

ቅዳሜ ማታ ውጭ የተወለዱ ልጆችንና የውጭ አገር እንግዳን ይዞ ለመሄድ ባህላዊ ጭፈራ ያለው አዳራሽ ይመረጣል። ቦሌ አካባቢ እንደ ዮድ አቢሲኒያና 2000 ሐበሻ ያሉት በዚህ የታወቁ ናቸው። ከጉራጌ እስከ ትግራይ፣ ከጎጃም እስከ ወላይታ ያለውን ጭፈራ በአንድ ምሽት ማሳየታቸው ለልጆቹ ከምንም በላይ ነው። ምግቡ ግን የቤቱ ዋና ነገር አይደለምና እንደዚያው ይመዘን። በዚህ ዓይነት አዳራሽ ጠረጴዛ የሚያዘው ቀደም ብሎ በስልክ ነው፤ ሲያዝ «ከድምፅ ማጉያው ራቅ ያለ» ማለት ግድ ነው። መድረኩ ሥር የተቀመጠ ቤተሰብ እርስ በርሱ አይሰማማም፣ ሕፃንም ያለቅሳል። ጭፈራው ሳይጀመር መብላት ይሻላል፤ ከተጀመረ በኋላ አስተናጋጅ ለማግኘት ሃያ ደቂቃ መጠበቅ አለ።

እዚያ ዶሮ ወጥ ማዘዝ ይቻላል፣ ግን ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ፣ ሰዓታት ቁሞበት የሚሠራ ወጥ በትእዛዝ ጊዜ እንደማይሠራ መታወቅ አለበት። የሚሞቀው ጠዋት የተሠራው ነው፣ ይህም ጥፋት አይደለም፤ ዶሮ ወጥ ሲያድር ይጣፍጣል። ጥፋት የሚሆነው ሽንኩርቱ ሳይቀልጥ ነጭ ሆኖ ሲታይ ወይም በርበሬው ጥሬ ጥሬ ሲሸት ነው። ጠጅ ሲታዘዝ ደረቅ፣ መካከለኛ ወይም ለስላሳ ተብሎ ይለያል፤ ለስላሳው ስለሚጣፍጥ እንደ ጭማቂ ይጠጣል፣ አልኮሉ ግን እዚያው አለ። ለልጆች ብርዝ ይጠየቅ። የማር ሽታ ሳይኖረው ጣፋጭ ብቻ የሆነ ጠጅ ስኳር ገብቶበታል፤ አንድ ብርሌ ቀምሶ መተው ነው።

እሑድ ጠዋት የዱለትና የቅቅል ሰዓት ነው። ዱለት ጉበት፣ ጨጓራና ቀይ ሥጋ በደቃቁ ተከትፎ ስለሚሠራ የዕለቱ ካልሆነ ወዲያው ይታወቃል፤ ጨጓራው ይሸታል። ከአራት ሰዓት በኋላ አይታዘዝ። አቦሉ፣ ቶናውና በረካው በተገቢው ከተፈላበት ቤት ተቀምጦ አቦል ብቻ ጠጥቶ መነሣት ቡናውን ለምታፈላው ደስ አይላትም፤ ሦስቱን ለመጠጣት አንድ ሰዓት ይያዝ።

እሑድ ምሳ የጣሊያን ምግብ የአዲስ አበባ የራሱ ልማድ ነው፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው ወረራ የተረፈ ነገር ሆኖ ዛሬ ላዛኛና ፓስታ የማይሸጥ ሰፈር የለም። ከሮማ ወይም ከኒው ዮርክ ለመጣ ሰው ግን የፓስታው ጉዳይ መታወቅ አለበት። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህም ምክንያት ፓስታ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ይህን የማይጠብቅ ጓዳ ቀድሞ ቀቅሎ ያስቀምጥና ሲታዘዝ ሶሱ ውስጥ ያሞቀዋል፣ ውጤቱም ውጩ የላላ ውስጡ የጠጠረ ይሆናል። «ከአዲስ ይቀቀል፣ እንጠብቃለን» ካሉት አብዛኛው ቤት እሺ ይላል፤ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ላዛኛ ላይ ይህ ችግር የለም፤ ብዙ ቤቶች እሑድ ጠዋት በትልቁ ጋግረው ስለሚያቆዩ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ያለው ትኩስ ነው። ፒያሳ ያለ ድሮ የሚታወቅ ቤት ለመሄድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይደውል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈርሰዋል ወይም ሰፈር ቀይረዋል፤ ካርታ ላይ ያለው ምልክት ከቦታው ጋር ላይገጥም ይችላል።

ቦሌ ሚካኤል ለሶማሌ ምግብ ይኬዳል፤ በዋጋና በመጠን ከሁሉም የተሻለ ሆኖ ያገኘነው ይህ ነው። ባሪሱ፣ ማለትም በቅመም የተሠራው ሩዝ፣ ከፍየል ሥጋ ጋር ይቀርባል፣ ሙዝ አብሮ ይመጣል፤ ሙዙ ከሩዙ ጋር የሚበላ እንጂ ለመጨረሻ የሚቀመጥ አይደለም። ሩዙ ለምሳ ስለሚደርስ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይሂዱ፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል። አንድ ትሪ ለሁለት ሰው ይበቃል። አልኮል አይሸጥም። ሥጋው ሐላል ስለሆነ ኦርቶዶክስ ወላጆችን ይዞ ከመሄድ በፊት በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ካወቁ ያኔ ለሁሉም አስቸጋሪ ነው። በተቃራኒው ሙስሊም ዘመድ ያለው ቤተሰብም በሌሎቹ ሥጋ ቤቶች በር ላይ ያለውን ምልክት አይቶ ነው የሚገባው።

ሒሳብ ላይ ብዙ ቅሬታ የሚነሣው ዝርዝሩ በደንብ ስለማይነበብ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። ደኅና የሚባሉት ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ዋጋው ሁለቱን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም የሚል ደቃቅ ጽሑፍ አለ። የማይጨምር ከሆነ የ2,000 ብር ምግብ መጀመሪያ 2,200፣ ከዚያ በእሱ ላይ ታክሱ ታስቦ 2,530 ብር ይሆናል። 26.5 በመቶ ጭማሪ ማለት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር ዝርዝሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ወይም በእስክሪብቶ ተሠርዞ ይገኛል፤ ሲታዘዝ «ዋጋው ይኸው ነው?» ማለት ከኋላ ከመከራከር ይሻላል። ታክስ ከተጠየቀ የማሽን ደረሰኝ ይጠየቅ። የአገልግሎት ክፍያ በተጨመረበት ቤት ጉርሻ ግዴታ አይደለም፣ ሆኖም ያ ክፍያ ሁልጊዜ ለአስተናጋጇ እጅ አይደርስምና በእጅ የተሰጠ ነገር ዋጋ አለው።

አከፋፈሉም አስቀድሞ ይታሰብ። ከውጭ የመጣ የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ካርድ የሚሠራው በትልልቅ ሆቴሎችና በአንዳንድ ቦሌ ባሉ ምግብ ቤቶች ነው፤ ሥጋ ቤትና ሽሮ ቤት በቴሌብር፣ በባንክ ዝውውር ወይም በጥሬ ብር ነው የሚሠሩት። ቴሌብር የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ይፈልጋልና ሲም ካርዱ አርብ ከሰዓት በፊት ይውጣ። ኔትወርክ ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ስለሚቆም ለአንድ ገበታ የሚበቃ ጥሬ ብር ኪስ ውስጥ ይኑር። ከብዙ ዓመት በፊት መሳቢያ ውስጥ የቀሩ የድሮ ባለ 10፣ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖቶች በመስከረም 2013 ዓ.ም. ስለተቀየሩ አይሠሩም።

ቦታ ሲያዝ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ይነገር። «ሰባት ሰዓት» ለአስተናጋጁ ቀን ነው፣ ውጭ ላደገ ልጅ ግን ማታ። «ማታ አንድ ሰዓት፣ በፈረንጅ ሰባት» ብሎ መጨረስ ነው። ከጥር ሁለተኛ ሳምንት በፊት ባሉት ቀናት፣ ገናና ጥምቀት መሐል፣ ከውጭ የገባው ሰው ስለሚበዛ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ለማግኘት ሁለት ቀን አስቀድሞ መያዝ ግድ ነው።

ንጽሕናን በተመለከተ በዚህ ጉዞ ደካማ የነበሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መታጠቢያ ቤትና ጥሬ ሰላጣ። ሳሙናና ወረቀት በአንዳንዱ ቤት ስለሌለ ኪስ ውስጥ ይያዝ። ጥሬ ሰላጣ በምን ውኃ እንደታጠበ ስለማይታይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይቅር፤ በረዶም እንዲሁ። ውኃ የታሸገ ይሁን፣ ክዳኑም ጠረጴዛው ላይ ይከፈት። ሆድ ከተበላሸ አንድ ከረጢት ኦ አር ኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ትኩሳት ወይም ደም ካለ ወደ ሐኪም። ከበረራ በወረደበት ማታ ጥሬ ክትፎ የሚያዝ ሰው ብዙ አለ፤ ያልለመደ ሆድ ላይ ቅቤ፣ ሚጥሚጣና ጥሬ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲወርዱበት ከሦስቱ የትኛው እንዳስቸገረ እንኳ አይታወቅም። በያይነቱ አርብ፣ ሥጋው ቅዳሜ የተባለው በዚህም ምክንያት ነው።

በረራው እሑድ ማታ ከሆነ የመጨረሻው ገበታ ከአሥር ሰዓት አይለፍ። ቦሌ መንገድ ላይ የእሑድ ማታ መጨናነቅ አለ፣ ኤርፖርት ደግሞ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ቀለል ያለ ቅቅል ወይም ሽሮ ይሻላል፤ ጥብስና ጠጅ አውሮፕላን ውስጥ ያስቸግራሉ። ከምግብ ቤቱ ተጠቅልሎ የሚያዝ ነገር ካለ በርበሬና ሽሮ ታሽገው ይሄዳሉ፤ ቋንታና ቅቤ ግን አውሮፓ ኅብረት አገሮች መግቢያ ላይ ስለሚወሰዱ ከቤተሰቡ ጋር እዚሁ ይበሉ።